ስለ እንዶድና ስለ ቀንድ አውጣ

እንዶድ በደጋና በወይና ደጋ አገር፥ በአጥርና በገደል ጥግ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው ጥቃቅን ነው፤ ሴቶች ለቅመው ያደርቁታል፥ በሙቀጫም ይወቅጡታል። ዱቄቱም በውሃ በታሸ ጊዜ ብዙ አረፋ ያወጣል። ሳሙና በገበያ ሳይታወቅ፥ ከጥንት ጀምሮ የኢትዮጵያ እናቶች ሸማ የሚያነጡት በእርሱ ነበረ። ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ጠጋ ብሎ የሚመረምር ጥቂት ነው።

በብዙ ወንዝ ዳር ደግሞ ቢልሃርዚያ የሚባል በሽታ አለ። አመጣጡም እንዲህ ነው። በሽታው ያለበት ሰው በወንዝ አጠገብ በተጸዳዳ ጊዜ፥ በዓይን የማይታይ የትል እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋራ ወደ ውሃ ይገባል። እንቁላሉ በውሃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም እጭ ቀንድ አውጣን ፈልጎ በሥጋዋ ውስጥ ያድራል። በዚያም ይበዛል፤ አንዱ ብዙ ሺህ ይሆናል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከቀንድ አውጣዋ ወጥቶ በውሃው ይዋኛል፤ ልጅ ሊታጠብ ወይም ውሃ ሊቀዳ እግሩን በነከረ ጊዜ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ልጁ ምናልባት ጥቂት ያሳክከው ይሆናል እንጂ የገባውን አያይም። ትሉም በደም ሥር ሄዶ በአንጀት ዙሪያ ይቀመጣል፥ ብዙ ዓመትም ይኖራል። ከሚጥለው እንቁላል ከፊሉ ይወጣል፥ ከፊሉ በጉበት ይቀራል። ሕፃኑ ይከሳል፥ ደሙ ያንሳል፥ ትምህርትም ይከብደዋል፤ በሽታው የጠናበት ሰው ሆዱ ይነፋል። እንግዲህ ቀንድ አውጣ ባትኖር ትሉ ማደሪያ አጥቶ ይጠፋ ነበረ።

በ1964 ዓመት (ይህና የሚከተሉት ዓመታት በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ወደ አድዋ ሄዱ። እኒህ ሰው በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ነበሩ፤ የሄዱበትም ጉዳይ ስለ ቢልሃርዚያ ለመመርመር ነበረ። በወንዙ ዳር ሲሄዱ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አገኙ፤ ከሴቶቹም በታች፥ አረፋው በሚወርድበት በኩል፥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። በሌላው ስፍራ ግን እንዲህ አልነበረም። በዚያ ወንዝ ስንት ሰው ተመላልሷል! ዶክተሩ ግን ዝም ብለው አላለፉም። ሕያዋን ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው በዕቃ አደረጉ፤ ከሴቶቹም አንዲቱን ከአረፋው ጥቂት እንድትጨምርበት ለመኑ። ቀንድ አውጣዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ።

ይህ መጀመሪያ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ቀንድ አውጣ በሙቀትም፥ በሌላ ምክንያትም ልትሞት ትችላለችና። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር በዩኒቨርሲቲ ሲመረመር ሁለት ዕቃ ይዘጋጃል፤ በአንዱ ንጹሕ ውሃ፥ በሁለተኛው መድኃኒቱ ያለበት ውሃ ይደረጋል፤ የቀረው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ከዚያ በኋላ የሞተውና የዳነው ይቆጠራል። መድኃኒቱም እየቀነሰ ደግሞ ደጋግሞ ይፈተናል። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ያለ እርሱ ዕውቀትና ወሬ አይለዩም።

በ1966 ዓመት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያሉ በሽታዎች የሚመረመሩበት ተቋም በዶክተር አክሊሉ መሪነት ተመሠረተ። ከ1969 እስከ 1974 ድረስ በአድዋ ወንዞች እንዶድ እየተጨመረ የሕዝቡ ጤና ተመረመረ። አስቀድሞ ከመቶው ሰው በ63ቱ በሽታው ነበረ፤ በመጨረሻው 33 ሆነ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ሕፃናት ግን ከመቶው 50 የነበረው ወደ 7 ወረደ።

በሕፃናቱ ይህን ያህል የቀነሰው ስለ ምንድን ነው? እንዶድ ቀንድ አውጣን ይገድላል እንጂ በሰው ሆድ ያለውን ትል አያወጣም። ትልልቆቹ ቀድሞ የገባባቸውን ትል ይዘው ይኖራሉ፤ ሕፃናቱ ግን ገና አልተያዙም ነበርና ወንዙ ሲጠራ እነርሱ ዳኑ።

ሌላው ሊቅ ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ አገር የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው አስተከሉ፤ ብዙ የሚያፈራውንና ተባይ የማይበረታበትንም መረጡ። በ1989 ዓመት ሁለቱ ሊቃውንት ከስዊድን አገር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ይሁን እንጂ ሥራው እንደ ታሰበው በየአገሩ አልተስፋፋም። እንዶድ ዓሣን ይጎዳል፥ ዓይንን ያቃጥላል፥ ለሚውጠውም ሰው መርዝ ነው። ስለዚህ የውጭ አገር ሊቃውንት በመጠን ሲጨመር ሌላውን እንዳይጎዳ አስቀድሞ በብዙ ፈተና ይረጋገጥ አሉ፤ ይህም ገንዘብና ብዙ ዓመታት ፈጀ። ጥያቄያቸው ከንቱ አልነበረም፤ በመካከሉ ግን በወንዙ ዳር ያሉ ሕፃናት ይታመሙ ነበረ።

ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዓመት ዐረፉ፤ ተቋሙም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል። ለበሽታው አሁን ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን አለ፤ በብዙ ትምህርት ቤትም ለተማሪዎች ይታደላል፥ ትሉንም ይገድላል። ነገር ግን ክኒኑን የዋጠው ልጅ ወደዚያው ወንዝ ወርዶ በታጠበ ጊዜ፥ ቀንድ አውጣዋ አሁንም በድንጋዩ ሥር ካለች፥ እንደ ገና ሊያዝ ይችላል።