ካሜራው አዲስ፣ ሶፍትዌሩ አሮጌ

የጥር ሰርግ ሲጀምር የፎቶ ኤዲተሮች ስልክ ዕረፍት አያገኝም። ከጥሪዎቹ አንዱ ዓይነት ግን ሁሌም በድንጋጤ ነው የሚጀምረው፦ «እህቴ፣ ጉድ ሆኛለሁ! ካርዱ ተበላሽቷል መሰለኝ፣ የሙሽሮቹ ፎቶ አልከፍት አለኝ።» ደዋዩ አብዛኛውን ጊዜ ካሜራውን ከዱባይ ያስመጣ ወይም ከውጭ የመጣ ዘመድ ያቀበለው ወጣት ፎቶግራፈር ነው። ካሜራው ገና የካርቶኑ ሽታ አልለቀቀውም። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የፎቶ ማረሚያ ሶፍትዌር፣ ላይትሩም፣ ግን ከዓመታት በፊት አንድ ጓደኛው የጫነለት ነው።

«ካርዱን እንዳትነካው፤ ፎርማት እንዳታደርገው» ትለዋለች ኤዲተሯ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ። መቸኮሏ ያለ ምክንያት አይደለም። አሮጌ ሶፍትዌር የማያውቀው ፋይል ሲገጥመው፣ ፋይሉ ድጋፍ የሌለው ወይም የተበላሸ ሊሆን እንደሚችል የሚገልጽ መልእክት ያወጣል። ሁለት የማይገናኙ ችግሮች በአንድ መስመር ተጨምቀው ሲቀርቡለት፣ የደነገጠ ሰው የሚያነበው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ከዚያ የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ፍለጋ ይሮጣል፤ ካርዱን ሲነካካ ደህናውን ፎቶ በገዛ እጁ ያጠፋል። እሷ ግን ሁለት ነገር ብቻ ትጠይቃለች፦ የካሜራው ሞዴል ምንድን ነው? የላይትሩሙ ቨርዥንስ ስንት ነው? መልሱ «ካኖን ኤም 50፣ ላይትሩም 6» ከሆነ ምርመራው አለቀ። ካርዱ ጤነኛ ነው።

ላይትሩም 6 በ2015 የወጣ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት የሚገዛ የመጨረሻው የላይትሩም ቅጂ ነው። ከዚያ ወዲህ ሠሪው አዶቤ የሚሸጠው በየጊዜው በሚታደስ ክፍያ ነው። የላይትሩም 6 የመጨረሻ ማሻሻያ፣ 6.14፣ የተለቀቀው በዲሴምበር 2017 ሲሆን ካኖን ኤም 50ን ያስተዋወቀው በፌብሩዋሪ 2018 ነበር። በሁለት ወር ተላለፉ። በዚያው ዓመት የመጡት ሶኒ ኤ7 ሦስት፣ ኒኮን ዜድ 6 እና ካኖን ኢኦኤስ አር ዕጣቸው ያው ነው። ፎቶሾፕ ሲኤስ 6 ላይ የቆየ ሰው ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ነው የቀረው፤ የካሜራ ፋይል የሚከፍትለት «ካሜራ ራው» 9.1.1 ላይ፣ ማለትም 2015 ላይ ቆሟል።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩን የሚያከብደው ክፍያው ነው። በየወሩ በውጭ ምንዛሪ ከካርድ የሚቆረጥ ሒሳብ ለትንሽ ስቱዲዮ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ክራክ የተደረገ ቅጂ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይዞራል። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ደግሞ እንዳይነቃበት ሲባል ኢንተርኔት ላይ ራሱን እንዳያድስ ተደርጎ ይጫናል። የአዲስ ካሜራ ድጋፍ የሚመጣው በዚያው በተዘጋው በር መሆኑን የሚያስብ የለም።

ለመሆኑ ለምንድን ነው አንድ ሶፍትዌር ለእያንዳንዱ ካሜራ የተለየ ድጋፍ የሚያስፈልገው? ጄፔግ ከየትም ይምጣ ከየት ይከፈታል። ካሜራው ሳያቀነባብር የሚያስቀምጠው ራው ፋይል ግን ገና ፎቶ አይደለም። ሴንሰሩ ላይ ያሉት ነጥቦች ቀለም አያዩም፤ የብርሃን መጠን ብቻ ይለካሉ። ቀለሙን የሚለዩት በላያቸው የተደረደሩት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያዎች ናቸው። የኮዳኩ ብራይስ ባየር በ1976 ፓተንት ያገኘበት አደራደር በየአራቱ ነጥብ ላይ ሁለት አረንጓዴ፣ አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ ያስቀምጣል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ እንግዲህ 12 ሚሊዮን የአረንጓዴ፣ 6 ሚሊዮን የቀይ፣ 6 ሚሊዮን የሰማያዊ ልክ ይሰበስባል ማለት ነው። የጎደለውን ከአጠገብ ካሉት ነጥቦች አስልቶ መሙላት የሶፍትዌሩ ሥራ ነው። ጄፔግ ሲነሳ ይህን ሁሉ ካሜራው ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር ጨርሶ፣ የተረፈውን ጥሎ ያስረክባል።

የሚጣለው ቀላል አይደለም። ባለ 14 ቢት ራው በእያንዳንዱ ነጥብ 16,384 የብርሃን ደረጃ ይለያል፤ ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ብቻ። እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ የቆመች ሙሽራን ያነሳ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ትከሻዋ ላይ ነጣ ብሎ የጠፋው የሽመናው መስመር ከጄፔግ አይመለስም። ከራው ላይ ብርሃኑን ሲቀንሱለት ግን ብዙ ጊዜ ክሩ አንድ በአንድ ብቅ ይላል። ፎቶግራፈሮች ካርዱ ቶሎ ሞላ እያሉ እየተማረሩም በራው የሚያነሱት ለዚህ ነው።

ያንን ስሌት ለመሥራት ሶፍትዌሩ ስለ ካሜራው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ነገር አለ፦ ቁጥሮቹ በምን ዘዴ ታምቀው ተጻፉ? ጥቁር የሚጀምረው ከስንት ነው? ሴንሰሩ የሚሞላው ስንት ላይ ነው? የማጣሪያዎቹ ቀለም ከሰው ዓይን ጋር እንዴት ይዛመዳል? ዴቭ ኮፊን የተባለ ፕሮግራመር በ1997 መጻፍ የጀመረው «ዲሲራው» የተሰኘ ነፃ ፕሮግራም ይህን ገልጦ ያሳያል። ፕሮግራሙ አንድ ረጅም የኮድ ፋይል ነው፤ ውስጡ የካሜራ ስሞች ሰንጠረዥ አለ፤ ከአብዛኛው ስም ጎን ደግሞ ለቀለም ማባዣ የሚሆኑ ዘጠኝ ቁጥሮች ተደርድረዋል። ቁጥሮቹ የአዶቤ መሆናቸውንም ኮፊን እዚያው በምስጋና ጽፏል። የመጨረሻው ቅጂ በ2018 ሲወጣ ከ700 በላይ ካሜራዎችን ያነብ ነበር። «ድጋፍ» የሚባለው ነገር ሲፈታ በአብዛኛው ይኸው ነው፤ አንድ ሰው ተቀምጦ ለክቶ፣ ሰንጠረዥ ላይ አንድ መስመር መጨመሩ።

ሠሪዎቹ መረጃውን ራሳቸው ቢያወጡት ግማሹ ጣጣ አይኖርም ነበር። ካኖን፣ ኒኮንና ሶኒ ግን የፋይላቸውን ሙሉ አሠራር ለሕዝብ አያትሙም። በ2005 ኒኮን ዲ2ኤክስ በተባለው ካሜራው ላይ የዋይት ባላንሱን መረጃ በምስጢር ኮድ ሲያስቀምጥ፣ ከፎቶሾፕ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነውና ካሜራ ራውን የጻፈው ቶማስ ኖል በአደባባይ ተቃወመ። ኮፊን ደግሞ ኮዱን ፈታው። ፎቶውን ያነሳው፣ ካሜራውንም የገዛው ሰው የራሱን ፎቶ ቀለም ለማንበብ ፈቃድ ጠያቂ መሆኑ ሳጥን ሸጦ ቁልፉን እንደማስቀረት ነው፤ የንግድ ምስጢር የሚለው ማመካኛ እዚህ ላይ ብዙ አያስኬድም።

ኤም 50 ያመጣው ችግር ደግሞ ሰንጠረዥ ላይ አንድ መስመር ከመጨመርም ያለፈ ነበር። ካኖን በዚህ ካሜራ ሲአር2 የተባለውን የቆየ ፋይሉን ትቶ ሲአር3 ጀመረ። ሲአር2 የተሠራው በቲፍ አወቃቀር ነበር፤ ሲአር3 ግን ኤምፒ4 ቪዲዮ በሚጠቀምበት አወቃቀር ላይ ቆመ፤ የማመቂያ ዘዴውም ተለወጠ። ዳርክቴብል የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ሲአር3ን መክፈት የቻለው በ2021 መጨረሻ በወጣው 3.8 ነው። የፋይሉ ስም መጨረሻ ሳይለወጥ ውስጡ የሚለወጥበትም ጊዜ አለ። ኒኮን ዜድ 9 ላይ «ሃይ ኤፊሸንሲ» የሚባለውን አማራጭ የመረጠ ሰው ፋይሉ እንደ ድሮው ኤንኢኤፍ ይባላል፤ ሌላውን ኤንኢኤፍ የሚከፍቱ ነፃ ሶፍትዌሮች ግን ይህን ለዓመታት መክፈት አልቻሉም። እዚህ ላይ መፍትሔው ሶፍትዌር ፍለጋ ሳይሆን የካሜራውን ሜኑ ከፍቶ የማመቂያውን ዓይነት መቀየር ነው።

ፋይሉ ተከፈተ ማለትም ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለት አይደለም። ፉጂፊልም በ2012 ኤክስ ፕሮ 1ን ሲያወጣ የባየርን አደራደር ትቶ ኤክስ ትራንስ የሚባል፣ በስድስት በስድስት የሚደጋገም የራሱን አደራደር ይዞ መጣ። ላይትሩም ከፈተው፤ ነገር ግን ቅጠላ ቅጠሉና ሣሩ የውሃ ቀለም ሥዕል እየመሰለ ወጣ። አዶቤ በ2013 ስሌቱን አሻሻለው፤ የፉጂ ተጠቃሚዎች ወቀሳ ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት አልቀረም።

በየስቱዲዮው ከዚህ የሚበልጠው ጭቅጭቅ የሚነሳው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ነው። የሙሽራዋ እናት ከኤዲተሯ አጠገብ ተቀምጠዋል። ፎቶው ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ልጃቸው አብርታ፣ ፊቷ ሞቅ ብሎ ይታያል፤ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ፎቶው በራሱ ጊዜ ደብዘዝ ይላል። «ምን ነካሽው ልጄ? አሁን እኮ ደህና ነበር!» ኤዲተሯ ምንም አልነካችም። ራው ፋይል ውስጥ ካሜራው ራሱ ያዘጋጀው ጄፔግ ተሸጉጦ ይቀመጣል፤ መጀመሪያ የታየው እሱ ነው። ላይትሩም የራሱን ስሌት ሲጨርስ ያንን አንስቶ የራሱን ይተካል። ሶፍትዌሩ ለሞዴሉ ካሜራውን የሚመስል ፕሮፋይል ካለው ከዝርዝሩ መርጦ ወደ ቀድሞው መቅረብ ይቻላል። ከሌለው በእጅ ማስተካከል ነው፤ የጠይም ቆዳ ሙቀት በኤልኢዲ መብራት ሥር ሲሆን ደግሞ በቀላሉ እሺ አይልም። ያው የተሸጎጠ ጄፔግ ሌላም ስሕተት ይፈጥራል። «ዊንዶውስ ላይ እኮ ይታየኛል፣ ላይትሩም ነው እምቢ ያለው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ራውን ሳይሆን እሷኑ ትንሿን ጄፔግ ነው።

አሮጌው ሶፍትዌር የአዲስ ካሜራ ፋይል እንዲከፍት የሚያደርግ ብልጣ ብልጥ መንገድም አለ። ኤግዚፍቱል በተባለ ነፃ ፕሮግራም ፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን የካሜራ ስም ወደ ቀዳሚው ሞዴል መለወጥ። የሁለቱ ካሜራዎች ሴንሰርና የፋይል አጻጻፍ ሲቀራረብ አሮጌው ሶፍትዌር ተታሎ ይከፍታል። ግን ያነበበው የሌላ ካሜራ ቁጥሮችን ነው፤ ጥላው ውስጥ ሐምራዊ ነገር ሲመጣ ወይም የፊት ቀለም ወደ አረንጓዴ ሲያዘነብል ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ለአንድ አስቸኳይ ፎቶ ይሁን እሺ። ለሙሉ ሰርግ አይመከርም፤ ሲደረግም በቅጂ ላይ እንጂ በዋናው ፋይል ላይማ ጭራሽ።

በድንጋጤ ለደወለው ወጣት ኤዲተሯ የምትነግረው መውጫ ከዚህ የቀለለ ነው። አንደኛው የሠሪው የራሱ ሶፍትዌር ነው። ካኖን ዲፒፒን፣ ኒኮን ኤንኤክስ ስቱዲዮን፣ ሶኒ ኢሜጂንግ ኤጅን በነፃ ይሰጣሉ፤ አዲሱን ካሜራቸውን ቶሎ የሚያውቁት፣ ቀለሙንም ከካሜራው ጄፔግ ጋር አቀራርበው የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ዘገምተኞች መሆናቸው እውነት ነው። ከእነሱ ወደ ፎቶሾፕ ለማሻገር ባለ 16 ቢት ቲፍ ማውጣት ያስፈልጋል፤ የ24 ሜጋፒክስል አንድ ፎቶ ሳይታመቅ ወደ 144 ሜጋባይት ይመጣል፤ አንድ ሰርግ ደግሞ ሐርድ ዲስክ ይጨርሳል። ስለዚህ ይህ ለአልበሙ ሽፋንና ለተመረጡት ብቻ።

ለቀረው ዲኤንጂ አለ። አዶቤ በ2004 አሠራሩን ለሁሉም ግልጽ አድርጎ ያወጣው የራው ፋይል ዓይነት ነው፤ ለቀለሙ የሚያስፈልጉት ቁጥሮች ፋይሉ ውስጥ አብረው ስለሚጻፉ ሶፍትዌሩ ሞዴሉን አስቀድሞ ማወቅ የለበትም። ላይካ፣ ፔንታክስና ሪኮ ከካሜራው በቀጥታ ይጽፉታል፤ የአይፎን ፕሮራውም ዲኤንጂ ነው። ካኖን፣ ኒኮንና ሶኒ ግን እስካሁን ካሜራቸው ውስጥ አላስገቡትም። ነፃው የአዶቤ ዲኤንጂ ኮንቨርተር ሲአር3ን ተቀብሎ ላይትሩም 6 የሚያነበው ዲኤንጂ ያደርገዋል። ዋጋው ጊዜና ቦታ ነው፤ የቅርቡ ቅጂም ዊንዶውስ 7 ላይ አይሠራም። ደግሞ ዲኤንጂ የሆነውን ዲፒፒ መልሶ አይከፍተውም፤ ስለዚህ ዋናውን ሲአር3 መጣል የለም።

ካሜራ ገና ሊገዛ ያሰበ ሰው ግን ይህን ሁሉ ከመማር አንድ ከሰዓት ቢያጠፋ ይሻለዋል። ሻጩ ጋ የራሱን ካርድ ይዞ ሄዶ ሁለት ሦስት ራው አንስቶ፣ ቤቱ ባለው ኮምፒውተር ላይ መክፈት። አንዳንድ ሻጭ ይነጫነጫል። ይነጫነጭ፤ ስለ ሌንሱ ጭረት ሲጠየቅ የሚታገስ ስለ ፋይሉ የማይታገስበት ምክንያት የለም።

ከደንበኛ በኩል የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ሜሪላንድ ያለች የሙሽራው እህት «ኦርጅናሉን ላኩልኝ» ትላለች፤ በበጎ ሐሳብ ሲአር3ው እንዳለ ከተላከላት ስልኳ ላይ አልከፍት ብሎ «የላካችሁት ተበላሽቷል» የሚል መልእክት ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ እሷ የምትፈልገው ሙሉ መጠን ያለው ጄፔግ ነው። እርማቱ ሲአር3 ውስጥ አይገባም፤ ላይትሩም ካታሎጉ ውስጥ ወይም ከጎኑ ባለች ኤክስኤምፒ በተባለች ትንሽ ፋይል ነው የሚጽፈው። ኤክስኤምፒዋ ተረስታ ከቀረች ሲአር3 የሚከፍት ሰው እንኳ የሚያገኘው ያልታረመውን ነው። ዲኤንጂ ግን እርማቱንም የታረመውን ማሳያ ጄፔግም በሆዱ መያዝ ይችላል። ስለዚህ ራው ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ላለች ደንበኛ ኤዲተሯ የምትልከው እሱን ነው፤ ሒሳቡም ለብቻው ነው የሚታሰበው።