በአጥንቱ ቀጠሮ

ለእንቁጣጣሽም ሆነ ለገና ከውጭ የሚመጡ ወገኖቻችን ወደ ክሊኒክ ጎራ ሲሉ ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ነው፤ «ዶክተር፣ ያለኝ ሦስት ሳምንት ነው፤ ጥርሱን ተክለው ይጨርሱልኛል?»

እኔ ደግሞ ጥርሱ መቼ እንደተነቀለ እጠይቃለሁ። «ኧረ ቆይቷል!» ይሉኛል። የሚያሳስበኝ ይኸው መቆየቱ ነው። ጥርስ ሲነቀል ይዞት የነበረው አጥንት ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታ አጥንት ደግሞ ይመነምናል። በመጀመሪያው ዓመት የስፋቱን ግማሽ ያህል ሊያጣ ይችላል፤ አብዛኛው የሚሄደውም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ድዱ ላዩ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ሲቲ ስካን ሲነሳ ግን አጥንቱ እንደ ቢላ ስለት ቀጥኖ ይገኛል። እንዲህ ሲሆን አስቀድሞ አጥንት መሙላት ያስፈልጋል፤ ወጪውም ጊዜውም ይጨምራል።

ኢምፕላንት የጥርስን ሥር የሚተካ የቲታኒየም ብሎን ነው። በላዩ ማያያዣው፣ በማያያዣው ላይ ጥርስ ሆኖ የሚታየው ክራውን ይቀመጣል። ስዊድናዊው ሐኪም ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የደም ዝውውርን ለማጥናት ጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገባው የቲታኒየም መሣሪያ አልነቀል አለው፤ አጥንቱ ከቲታኒየሙ ጋር ተዋሕዶ ነበር። በ1965 የመጀመሪያውን ታካሚ አከመ፤ ያ ሰው እስኪሞት ድረስ፣ ከ40 ዓመት በላይ፣ በዚያው ተከላ ተጠቅሟል።

ይህ ውሕደት ሕያው አጥንት ይፈልጋል። ለብሎኑ አጥንቱን ስንሰረስር ረዳቴ ቀዝቃዛ የጨው ውሃ (ሳላይን) ሳታቋርጥ የምታፈሰው፣ እኔም በየመሐሉ መሰርሰሪያውን ወጣ የማደርገው ለዚህ ነው። ሙቀቱ 47 ዲግሪ ደርሶ አንድ ደቂቃ ከቆየ አጥንቱ ይጎዳል፤ የተጎዳ አጥንት ብሎን አይይዝም። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የአጥንቱ ነው፤ በታችኛው መንጋጋ ሦስት ወር ገደማ፣ በላይኛው እስከ ስድስት ወር ይወስዳል። በዕለቱ ጊዜያዊ ጥርስ የሚደረግበት አሠራር አለ፤ የሚሆነው ግን ብሎኑ ጠንካራ አጥንት ውስጥ ጥብቅ ብሎ ሲቆም ብቻ ነው። ስኳሩን ላልተቆጣጠረ ወይም ሲጋራ ለሚያጨስ ሰው በጥድፊያ መሥራት በገንዘቡም በጤናውም መቀለድ ነው።

ስለዚህ ለሦስት ሳምንት እንግዳዬ አብዛኛውን ጊዜ የምመክረው፣ ዘንድሮ ብሎኑን ተክለን ክራውኑን በሚቀጥለው ጉዞ እንድናደርገው ነው። እዚያው በሚኖሩበት አገር ማስጨረስም ይቻላል። ነገር ግን የአንዱ ፋብሪካ ማያያዣ በአብዛኛው ለሌላው ብሎን አይገጥምም፤ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለው ሐኪም የተተከለውን ካላወቀ ይቸገራል። እባካችሁ የኢምፕላንቱ ስም፣ መጠንና የምርት ቁጥር የተጻፈበትን ካርድ ሳትቀበሉ ከክሊኒክ አትውጡ። ጥርስ ልታስነቅሉ ያሰባችሁም፣ ስለሚተካው ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።