የመንዝና የመርሐ ቤቴ ማር፤ መሬቱና አበባው

ከመንዝ አምባ ጫፍ ወደ ወንጪት ሸለቆ የሚመለከት ሰው ደጋውን፥ ወይናደጋውንና ቆላውን በአንድ ጊዜ ያያል። ላይኛው ከ3000 ሜትር በላይ የሆነ፥ ውርጭ የሚጸናበት የገብስ አገር ነው። ወደ መርሐ ቤቴ ሲወረድ አየሩ እየሞቀ ይሄድና በጀማና በወንጪት ወንዞች ዳር የግራር ቆላ ይገኛል። የአገሩ ማር በዓይነትም በወራትም የሚለያየው በዚህ አቀማመጥ ምክንያት ነው።

ገብስ ለሰው እንጂ ለንብ የሚጠቅም እህል አይደለም፤ አበባው ወለላ የለውም። ስለዚህ የመንዝ ንብ የምትቀስመው ከባቄላ፥ ከማገጥ፥ ከጦስኝና ከአስታ ነው። ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባና መጭ መስኩን ሲሸፍኑት ለጥቂት ሳምንታት ጥጋብ ይሆናል፤ የጥቅምትና የኅዳር ማር የሚቆረጠውም ከዚሁ ነው። ዝናቡ አስቀድሞ ቢቋረጥ ወይም ውርጭ ፈጥኖ ቢወርድ ግን፥ ቀፎው መንጋ ሞልቶት ሳለ እንጀራው ባዶ ይቀራል። የአገራችን ንብ ደግሞ ረኀብ ሲጸናባት ቀፎዋን ጥላ የምትሄድ ናት።

በቆላው ግራርና ብሳና በሌላ ወራት ስለሚያብቡ፥ በልግ የሰመረ እንደ ሆነ ሁለተኛ ማር ለመቁረጥ ይቻላል። ይሁን እንጂ የቆላ አበባ ሁሉ መልካም ማር አይሰጥም፤ የቁልቋል ማር ጉሮሮ ያቃጥላል። የደጋው ማር በበኩሉ በብርዱ ቶሎ ይረጋል። ስለ መርጋቱም ስኳር ተቀላቅሎበታል ብለው የሚጠረጥሩ አሉ፤ መርጋት ብቻውን ግን ለዚህ ማስረጃ አይሆንም።

ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው በመንዝ አናት ላይ የሚገኘው የጓሳ መስክ ነው። ይህ መስክ ቄሮ በሚባል የአባቶች ሥርዓት፥ አባ ቄራ በሚባል ሹም ጠባቂነት፥ ለ3 ወይም ለ5 ዓመት ያህል ተከልክሎ ይቆይ ነበር። የተከለከለውም ስለ ሣሩ ነው፤ ጓሳ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚፈለግ ነውና። ስለ ንብ ያሰበ ሰው የነበረ አይመስልም። ሆኖም ማረሻ ካልገባ፥ ከብትም በየጊዜው ካልተሰማራ፥ አስታውና ጦስኙ ከሣሩ ጋር ይጠበቃሉ። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የቄሮን ሥርዓት ከነመሠረቱ አናጋው፤ ሕዝቡም ከዚያ ወዲህ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሟል።

ከጓሳ ውጭ ባለው ደጋ ነገሩ እንዲህ አይደለም። ተዳፋቱ እየታረሰ በሄደ መጠን፥ ለአደይና ለመጭ የሚተርፈው የማሳ ወሰንና የገደል አፋፍ ነው። በየቤቱ አጠገብ የሚተከለው ባሕር ዛፍ ለንብ ጥቂት ይተካል፤ እርሱም ቢሆን ውርጩ በሚያይልበት ከፍታ አይለማም።