ሩቅ ያሉ ደጋፊዎችና የተነቀፈው አጥቂ

አንድ ሰው የአንድ የእግር ኳስ ክለብ ደጋፊ ነኝ ለማለት የሚበቃው በምን ምክንያት ነው? ክለቡ በሚገኝበት ሰፈር ስለ ተወለደ ነውን? ቲኬት እየገዛ በስታዲየም ስለሚቀመጥ ነውን? ወይስ ቡድኑ በተሸነፈ ቀን እራት አልበላ ስለሚለው ነው? ጥያቄው የቡና ቤት ክርክር ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ ከባድ ጉዳይ አለበት። ይኸውም አንድ ማኅበር ከሩቅ የመጣውን ሰው በምን ሚዛን መዝኖ የእኛ ነህ ወይም የእኛ አይደለህም ይለዋል የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ነገሩን የምንመረምረው በአንድ ምሳሌ ነው። እርሱም በለንደን የሚገኘው የአርሰናል ክለብ፣ ከ2012 እስከ 2018 በዚያ የተጫወተው ፈረንሳዊው አጥቂ ኦሊቪዬ ዢሩ፣ እንዲሁም ይህን አጥቂ ከነቀፋ ለመከላከል ብዙ የደከሙት ከእንግሊዝ አገር ውጭ ያሉ ደጋፊዎች ናቸው። ከእነዚህም መካከል የአዲስ አበባዎቹ ቁጥራቸው ጥቂት አይደለም። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ ስለ ክለቡ አመጣጥ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አርሰናል በ1886 ከቴምዝ ወንዝ በስተ ደቡብ፣ ዉልዊች በሚባል ስፍራ፣ በመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ይሠሩ በነበሩ ሠራተኞች ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ አንዱ ዴቪድ ዳንስኪን ከስኮትላንድ የመጣ ሰው ነበር። ክለቡ ገንዘብና ተመልካች ስላነሰው በ1913 ወንዙን ተሻግሮ በሰሜን ለንደን ወደሚገኘው ወደ ሃይበሪ ሰፈር ተዛወረ። በዚያ አካባቢ የነበሩት ክለቦች፣ ይልቁንም ቶተንሃም፣ መምጣቱን አጥብቀው ተቃውመው ነበር። እንግዲህ ዛሬ የሰሜን ለንደን ተወላጅ መሆንን የእውነተኛ ደጋፊነት ማረጋገጫ አድርገው የሚያቀርቡ ሰዎች፣ ክለቡ ራሱ ለሰፈሩ መጤ እንደ ነበረ ይዘነጋሉ።

ከዚያም ወዲህ ቢሆን በሩ አልተዘጋም። በ1996 ፈረንሳዊው አርሴን ቬንገር አሠልጣኝ ሆኖ መጣ። በ2003 እና 2004 መካከል አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ ዋንጫ በወሰደው ቡድን ውስጥ ናይጄሪያዊው ካኑ፣ ካሜሩናዊው ሎረንና የኮትዲቯሩ ኮሎ ቱሬ ነበሩ። በየካቲት 2005 ደግሞ ከክሪስታል ፓላስ ጋር ለተደረገው ጨዋታ ከተሰለፉት 16 ተጫዋቾች አንድም እንግሊዛዊ አልነበረባቸውም። በአፍሪካ የአርሰናል ፍቅር ለምን እንዲህ ሊስፋፋ እንደ ቻለ ለሚጠይቅ ሰው፣ የመልሱ ግማሽ በእነዚህ ስሞች ውስጥ ይገኛል ብለን እናምናለን፤ ሌላው ግማሽ የሳተላይት ቴሌቪዥን ነው።

ወደ አጥቂው እንመለስ። ዢሩ ወደ ከፍተኛ ደረጃ የደረሰው ዘግይቶ ነው። በግሬኖብል፣ በኢስትርና በቱር የታችኛውን ሊግ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ በፈረንሳይ አንደኛ ሊግ መጫወት ሲጀምር ዕድሜው ወደ 24 ዓመት ተጠግቶ ነበር። በ2012 ሞንፔሊዬን ሻምፒዮን አድርጎ፣ እርሱም 21 ጎል አግብቶ ወደ ለንደን መጣ። በዚያው ክረምት ሮቢን ቫን ፐርሲ ለተቀናቃኙ ለማንችስተር ዩናይትድ ተሸጠ፤ በመጀመሪያው ዓመትም 26 የሊግ ጎል አስቆጥሮ ሻምፒዮን ሆነ። ዢሩ በዚያ ዓመት በሊጉ ያገባው 11 ነበር። ንጽጽሩ ገና ከመነሻው በእርሱ ላይ የተጫነ ሸክም ሆነ።

ነቃፊዎቹ የያዙት ማስረጃ ግን የሚናቅ አልነበረም፤ ይህን ሳይሸፍኑ መናገር ይገባል። አጥቂው ፈጣን አይደለም። በየካቲት 2015 አርሰናል በሜዳው በሞናኮ 3 ለ 1 ሲሸነፍ ጥሩ ጥሩ ዕድሎችን አባክኖ በሁለተኛው አጋማሽ ተቀይሮ ወጣ። በ2016 ሌስተር ሻምፒዮን በሆነበት፣ ለአርሰናልም የዋንጫ ዕድል በተከፈተበት ዓመት፣ 15 የሊግ ጨዋታ ያለ አንዳች ጎል አለፈው፤ ዝምታው የተሰበረው በመጨረሻው ቀን አስቶን ቪላ ላይ ሦስት ጎል ባገባ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ዋንጫው ሄዷል። በሚያዝያ 2015 ቲዬሪ ሄንሪ በቴሌቪዥን ቀርቦ፣ አርሰናል በዢሩ አጥቂነት ሊጉን ማሸነፍ እንደማይችል ተናገረ። ሄንሪ 228 ጎል ያገባ፣ ከስታዲየሙ ደጅ ሐውልት የቆመለት ሰው ነው። ከእንዲህ ያለ ሰው የወጣ ቃል እንደ ተራ አስተያየት አይቆጠርም፤ እንደ ፍርድ ይሰማል።

ተከላካዮቹስ ምን አሉ? የእነርሱ ነገር የሚጀምረው የአጥቂ ሥራ ምንድን ነው ከሚለው ጥያቄ ነው። እንደ ዢሩ ያለ ተጫዋች ፊቱን ወደ ራሱ ቡድን አዙሮ፣ ጀርባውን ለተጋጣሚው ተከላካይ ሰጥቶ ይቆማል። የሚመጣለትን ኳስ ያቆያል፤ ወይም በአንድ ንክኪ ከኋላው ለሚሮጠው ያቀብላል። ሁለት ተከላካዮች እርሱን ሲጠብቁ ሌላ ስፍራ ይከፈታል። በጥቅምት 2013 ጃክ ዊልሸር ኖርዊች ላይ ያገባት፣ እስከ ዛሬ የምትታወሰው ጎል የመጨረሻ ቅብብሏ የዢሩ ነበር። በ2014 የኤፍ ኤ ዋንጫ ፍጻሜ አርሰናል ሀል ሲቲን በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ሲያሸንፍ አሮን ራምሴ ያገባትን የማሸነፊያ ጎል በተረከዙ ያቀበለው ዢሩ ነው። በ2017 ፍጻሜም ቼልሲ 2 ለ 1 ሲሸነፍ፣ ተቀይሮ በገባ በቅጽበት ለዚያው ለራምሴ ኳሱን ያሻገረው እርሱ ነው። በ2015 አስቶን ቪላ 4 ለ 0 በተሸነፈበት ፍጻሜ አራተኛዋን ራሱ አገባ። ክለቡ ለዘጠኝ ዓመት ዋንጫ ካጣ በኋላ ያገኛቸው ሦስት የኤፍ ኤ ዋንጫዎች ሁሉ የዚህ ሰው እጅ (እግሩ ማለት ሳይሻል አይቀርም) አለባቸው ማለት ነው።

ይህ ክርክር ትክክለኛ ምስክር ያገኘው ቆይቶ፣ ከክለቡ ከወጣ በኋላ ነው። በ2018 የዓለም ዋንጫ ዢሩ በሰባቱም ጨዋታ ተሰልፎ ወይም ተቀይሮ ገብቶ፣ ወደ ጎሉ ያነጣጠረ አንድም ምት ሳይመታ ፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆነች። ቁጥር ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን ሲያይ ይስቃል፤ አሠልጣኙ ዲዲዬ ዴሻን ግን ከሁለተኛው ጨዋታ ጀምሮ አላስቀመጠውም። በታኅሣሥ 2022 ደግሞ ፖላንድ ላይ ባገባት ጎል 51 የነበረውን የሄንሪን የብሔራዊ ቡድን ክብረ ወሰን አለፈ፤ በመጨረሻም 57 አድርሶ ተወው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። አጥቂውን በመከላከል ረገድ ሩቅ ያሉት ደጋፊዎች እንዲህ የተጉት ለምንድን ነው? መልሱን ከመስጠታችን በፊት አንድ የተሳሳተ ሥዕል ማጥፋት አለብን። የለንደን ሰው ሁሉ ነቃፊ፣ የውጭ ሰው ሁሉ ጠበቃ አልነበረም። በኤሚሬትስ ስታዲየም የዢሩ ስም ከቢትልስ በተወሰደ ዜማ ይዘመርለት ነበር። በሌላም በኩል በከተማችን የዲኤስቲቪ ቤቶች አንድ ኳስ ሲያመልጠው የሚሰማው ስድብ ከየትኛውም አገር ስድብ የሚያንስ አይደለም፤ በአግዳሚ ወንበር ተጠጋግቶ የተቀመጠ ሰው ሁሉ በዚያች ደቂቃ አሠልጣኝ ነው። ልዩነቱ የሚታየው በመልሱ ላይ ነው። የሰሜን ለንደን ሰው ዢሩን ሲከላከል በነገሩ ይመለስለታል፤ ፍጥነት የለውም፣ ጎል አይበቃውም ይባላል። የአዲስ አበባው፣ የሌጎሱ ወይም የናይሮቢው ሰው ያንኑ ቃል ሲናገር የሚመለስለት በስፍራው ነው፤ አንተ በቴሌቪዥን አይተህ ምን ታውቃለህ፣ በስታዲየሙ አንድ ቀን ተቀምጠሃል ወይ ይባላል። ለዚህ ዓይነቱ ሰው በእንግሊዝ አገር የወጣለት ስም «የፕላስቲክ ደጋፊ» ነው፤ መልኩ እንደ እውነተኛው፣ ውስጡ ግን ሐሰተኛ ማለት ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰውየው የሚከራከረው ስለ ሁለት ነገር ይሆናል፤ ስለ አጥቂውና ስለ ራሱ።

ሁለቱ ክሶች ደግሞ ባሕርያቸው አንድ ነው። አጥቂውን ለዚህ ማልያ አይመጥንም ይሉታል፤ ደጋፊውንም እንዲሁ። አጥቂው የሚመዘነው በሌለው ፍጥነት ነው፤ ደጋፊው የሚመዘነው ባልተወለደበት ሰፈር ነው። ያደረጉት ነገር በሚዛኑ ላይ አይወጣም። ስለዚህ ሩቅ ያለው ሰው ጎል ሳያገባ ለቡድኑ የሚደክም ተጫዋች ሲያይ የራሱን ሁኔታ ያያል ብንል ማጋነን አይመስለንም። እርሱም ክለቡን በቲኬት ገንዘብ አልረዳም፤ ጩኸቱም ለተጫዋቹ ጆሮ አይደርስም። ያለው አገልግሎት ክርክር ብቻ ነው። በስታዲየም ያለው ሰው የሚዘምረውን እርሱ በምክንያትና በማስረጃ ይናገራል፤ በሥራ ቦታ፣ በታክሲ፣ በመኝታ ቤት ዶርም ሳይቀር።

በቴሌቪዥን ብቻ ታያለህ የሚለውን ክስ ጠጋ ብሎ መመርመር ያስፈልጋል። ካሜራው ኳሱን ስለሚከተል ከኳሱ ርቆ የሚሠራው ሥራ ያመልጣል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር ባለው ደንብ መሠረት ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት የሚጀመሩት ጨዋታዎች በአገሩ ቴሌቪዥን በቀጥታ አይታዩም፤ ሰው ወደ ሜዳ መሄዱን እንዳይተው ተብሎ የተሠራ የቆየ ደንብ ነው። ስታዲየሙ የሚይዘው ወደ 60,000 ሰው ብቻ ስለ ሆነ፣ ቲኬት ያላገኘው የለንደን ልጅ ያንን ጨዋታ በሬዲዮ ሲከታተል፣ የአዲስ አበባው ደጋፊ እንደ ወቅቱ በአሥራ አንድ ወይም በአሥራ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ሙሉውን ያያል። ማን የበለጠ አይቷል? ቅርበት ሁልጊዜ ዕውቀት አይሆንም፤ ርቀትም ሁልጊዜ አለማወቅ አይደለም።

ሩቁን ደጋፊ ያስቸገረው ግን የሰፈር ሰው ጥርጣሬ ብቻ አይደለም፤ የባለ ሀብቶቹ ፍቅርም ነው። በ2008 የፕሪሚየር ሊጉ አስተዳደር እያንዳንዱ ክለብ አንድ ተጨማሪ ጨዋታ በውጭ አገር እንዲጫወት ሐሳብ አቀረበ፤ ተቃውሞ ስለ በዛበት ቀረ። በሚያዝያ 2021 አርሰናልን ጨምሮ ስድስት የእንግሊዝ ክለቦች ከአውሮፓ ታላላቆች ጋር ሱፐር ሊግ የሚባል ዝግ ውድድር ሊያቋቁሙ ተነሡ፤ በሁለት ቀን ውስጥም እንግሊዞቹ ወጡ። በዚያን ጊዜ እንደ ተዘገበው፣ እቅድ አውጪዎቹ የአገሩን ደጋፊ «የውርስ ደጋፊ»፣ ሌላውን ደግሞ «የወደፊቱ ደጋፊ» እያሉ ይለዩ ነበር። ሩቁ ሰው ሳይጠየቅ በስሙ ተነገደበት፤ የሰፈሩም ሰው ጨዋታችንን የምታበላሹት እናንተ ናችሁ አለው። ደንበኛ መሆንና አባል መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በዓለም ዙሪያ ብዙ ደጋፊዎች ይህን እቅድ የተቃወሙትም በደንበኝነት መቆጠርን ስላልፈለጉ ይመስለናል።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ይቀራል። ሩቁ ደጋፊ የሚወደው ክለቡን ሳይሆን ተጫዋቹን ነው፣ ተጫዋቹ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል የሚል ነው። በአንዳንዶች ላይ እውነት መሆኑን አንክድም። በዢሩ ጉዳይ ግን ፈተናው በግልጽ መጣ። በጥር 2018፣ በ253 ጨዋታ 105 ጎል ካገባ በኋላ፣ ለቼልሲ ተሸጠ። በግንቦት 2019 በባኩ በተደረገው የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ቼልሲ አርሰናልን 4 ለ 1 ሲያሸንፍ የመጀመሪያዋን ጎል በግንባሩ ገጭቶ ያገባው እርሱ ነበር። በከተማችን ለዓመታት ስለ እርሱ ድምፃቸው እስኪዘጋ የተከራከሩ ሰዎች በዚያች ሌሊት ቀዩን ማልያ እንደ ለበሱ አንገታቸውን ደፍተው ወደየቤታቸው ገቡ፤ አንዳንዶቹም አልነገርናችሁም ወይ ማለታቸው አልቀረም። ባኩ ከለንደን ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅና ለእያንዳንዱ ክለብ የተሰጠው ቲኬት ወደ 6,000 ብቻ ስለ ነበረ፣ የሰሜን ለንደን ሕዝብም አብዛኛው ጨዋታውን ያየው በቴሌቪዥን ነው።

በነሐሴ 1 ቀን 2020 ሁለቱ ክለቦች በኤፍ ኤ ዋንጫ ፍጻሜ እንደ ገና ተገናኙ። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ዌምብሌ ባዶ ነበር፤ ለዘፈን የገባ፣ ቲኬት የቆረጠ ደጋፊ አልነበረም። ዢሩ በቼልሲ በኩል ተሰልፎ ለመጀመሪያዋ ጎል ኳሱን ለፑሊሲክ አመቻቸ፤ ጋቦናዊው ኦባምያንግ ሁለት አግብቶ ዋንጫው የአርሰናል ሆነ። የእዝሊንግተን ሰውና የፒያሳ ሰው በአንድ ደቂቃ፣ በየራሳቸው ቴሌቪዥን ፊት ሆነው ጮኹ።