ለአሮጌ ኮምፒዩተር ተስማሚውን ራም ስለ መግዛትና ስለ መሸጥ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ጅማ ለመግባት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው የቀርሳ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ሰርቦን ያገኛል። በሰርቦም ሆነ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በሌሎቹ የቡና ከተሞች ሒሳባቸውን ከመዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ያዛወሩ ቡና አቅራቢዎች፣ የእህል ነጋዴዎችና ባለሱቆች ጥቂቶች አይደሉም። ነገር ግን በጠረጴዛቸው ላይ ከሚታዩት ማሽኖች ብዙዎቹ ለረዥም ዘመን ያገለገሉ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ወደ አገራችን ከመግባታቸው በፊት በሌላ አገር መሥሪያ ቤት ሲሠሩ የኖሩ ናቸው።

የቡና መልቀሚያ ወራት ሲደርስ የእነዚህ ማሽኖች ድካም ይገለጣል። የግዢው መዝገብ፣ የባንኩ ገጽ፣ የግብር ማሳወቂያውና የኢሜይል ደብዳቤው በአንድ ጊዜ ሲከፈት ማሽኑ ይቆማል። የጭነት መኪናው በደጅ ቆሞ፣ ሾፌሩ መሸኛውን እየጠበቀ፣ ጸሐፊው በማይንቀሳቀስ ስክሪን ፊት ተቀምጦ ይውላል።

በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ከወዳጆቹ የሚያገኘው ምክር «ራም ጨምርበት» የሚል ነው። ምክሩ ብዙ ጊዜ የተገባ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ. ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ አስቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለ ሄደ፣ አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት ለአነስተኛ ነጋዴ ከባድ ሆኗል። ስለዚህ ያለውን ማሽን አጠናክሮ ማሠራት የብልህ ሰው ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ምክሩ ግማሽ ምክር ነው፤ የትኛው ራም እንደ ሆነ አይናገርምና።

ራም ምንድን ነው?

ራም ወይም ማኅደረ ትውስታ ማለት ኮምፒዩተሩ በእጁ የያዘውን ሥራ ለጊዜው የሚያኖርበት ስፍራ ነው። ሐርድ ዲስኩን እንደ መጋዘን ብንቆጥረው፣ ራም እንደ ሱቁ ባንኮኒ ነው። ባንኮኒው የጠበበበት ሻጭ ለእያንዳንዱ ዕቃ ወደ መጋዘን ይመላለሳል፤ ደንበኛውም ይጉላላል። ራም ያነሰው ኮምፒዩተርም እንዲሁ ወደ ዲስኩ እየተመላለሰ ጊዜ ያጠፋል።

ስሙ አንድ፣ ዓይነቱ ብዙ

ማንም የቡና ነጋዴ «100 ፈረሱላ ቡና ላክልኝ» ተብሎ ዝም ብሎ አይልክም። የታጠበ ነው ወይስ ያልታጠበ፣ የሊሙ ነው ወይስ የጅማ፣ ደረጃውስ ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ስለ ዋጋ የሚነጋገረው። ይኸው ነጋዴ ግን ወደ ኮምፒዩተር ሱቅ ሲልክ «4 ጊጋ ራም» ብቻ ብሎ ይልካል። ጊጋ የብዛት ልክ ነው እንጂ የዓይነት ስም አይደለም፤ ልክ እንደ ፈረሱላ ማለት ነው።

የራምን ዓይነት የሚወስነው ጄዴክ የሚባለው፣ አምራቾች በአንድነት ደረጃ የሚያወጡበት ማኅበር ነው። በዚህም መሠረት ዲዲአር እ. ኤ. አ. በ2000፣ ዲዲአር2 በ2003፣ ዲዲአር3 በ2007፣ ዲዲአር4 በ2012፣ ዲዲአር5 በ2020 ደረጃቸው ወጥቷል። አንዱ በሌላው ፈንታ አይገባም። በጠረጴዛ ኮምፒዩተር የሚገባው ዲዲአር 184 ፒን ሲኖረው፣ ዲዲአር2 እና ዲዲአር3 እያንዳንዳቸው 240፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ደግሞ 288 ፒን አላቸው። የፒናቸው ቁጥር እኩል የሆነው እንኳ ከታች ያለው ክፍተት የተቀመጠበት ስፍራ ስለሚለያይ፣ አንዱ በሌላው መሰኪያ አይገጥምም። የሚፈልጉትም ኃይል የተለያየ ነው፤ ዲዲአር2 በ1.8 ቮልት፣ ዲዲአር3 በ1.5 ቮልት፣ ዲዲአር4 በ1.2 ቮልት ይሠራል። የላፕቶፕ ራም ደግሞ አጭር ነው፤ ዲዲአር2 200፣ ዲዲአር3 204፣ ዲዲአር4 260 ፒን አለው።

ከዚህ የምንረዳው መልካም ነገር አለ። ደረጃው የጋራ ስለ ሆነ የአምራቹ ስም ዋናው ጉዳይ አይደለም። ዓይነቱና ልኩ ከተስማማ፣ ማሽኑ ይዞት ከመጣው ራም በተለየ ኩባንያ የተሠራው ብዙውን ጊዜ ያለ ችግር ይሠራል።

ስሕተቱ የሚያስከትለው ኪሳራ

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ አንድ የሰርቦ ቡና አቅራቢ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 755 የሚባል የጠረጴዛ ኮምፒዩተር አላቸው እንበል። ይህ ማሽን እ. ኤ. አ. በ2007 ለገበያ የወጣ፣ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለበት ነው። በመደበኛው መጠን የተሠራው 4 የራም መሰኪያ አለው፤ የሚቀበለው ዲዲአር2 ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ልኩም 8 ጊጋባይት፣ ማለት በእያንዳንዱ መሰኪያ 2 ጊጋባይት ነው። አቅራቢው ይህን ስለማያውቁ ሠራተኛቸውን ጠርተው «ጅማ ሂድና 4 ጊጋ ራም ገዝተህ ና» ይሉታል።

ልጁ በሚኒባስ ተሳፍሮ ሄዶ፣ 4 ጊጋ የተባለውን ገዝቶ ይመለሳል። ያመጣው ግን ዲዲአር3 ስለ ሆነ በመሰኪያው አይገጥምም። በጉልበት ቢጫኑት መሰኪያው ራሱ ሊሰበር ይችላል። በማግስቱ ተመልሶ ዲዲአር2 ይጠይቅና ባለ 4 ጊጋ 1 ፍሬ በርካሽ ያገኛል። ይህኛው ይገጥማል፤ ማሽኑ ሲበራ ግን ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ምክንያቱም ማሽኑ በአንድ መሰኪያ ከ2 ጊጋ በላይ አይቀበልም። ከዚህም ሌላ በርካሽ ከሚሸጡት የ4 ጊጋ ዲዲአር2 ራሞች ውስጥ ለኤኤምዲ ማሽኖች ብቻ ተብለው የተሠሩ አሉ፤ እነዚህ በኢንቴል ማሽን ላይ አይሠሩም። እንግዲህ 2 የሥራ ቀንና 2 የመሳፈሪያ ሒሳብ ጠፍቷል፤ የማይሠሩ 2 ዕቃዎች ተገዝተዋል፤ መኪናውም ገና በደጅ ነው።

በዚህ ፈንታ ባለሱቁ ገና ዋጋ ሳይናገር ስልክ ደውሎ፣ «ሐጂ፣ እባክዎ ከማሽኑ ፊት ላይ የተጻፈውን ያንብቡልኝ» ቢል ኖሮ፣ ጉዳዩ በ2 ደቂቃ ባለቀ ነበር። ትክክለኛው ግዢ ባለ 2 ጊጋ ዲዲአር2፣ 2 ፍሬ ነበርና። ስሙን በትክክል ማንበብ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው፤ በመልክ የሚቀራረበውና እ. ኤ. አ. በ2009 የወጣው ኦፕቲፕሌክስ 780 የሚቀበለው ዲዲአር3 ነው።

ገዢው ከመግዛቱ በፊት ሊያረጋግጥ የሚገባው

አንደኛ፣ የማሽኑን ስምና ቁጥር በወረቀት መጻፍ ነው። ማሽኑ ከልዩ ልዩ ክፍል የተገጣጠመ ከሆነ፣ በማዘርቦርዱ ላይ የታተመውን ስም መጻፍ ያስፈልጋል። አምራቾች ለየማሽኑ ባወጡት መግለጫ ላይ የሚቀበለው ዓይነትና የመጨረሻው ልክ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ በውስጡ ያለውን ራም ነቅሎ እንደ ናሙና ይዞ መሄድ ነው። ቡና ያለ ናሙና እንደማይሸጥ ሁሉ፣ ራምም ያለ ናሙና ባይገዛ ይመረጣል። ከመንቀል በፊት ማሽኑ መጥፋት፣ ከመብራትም መለየት አለበት፤ ነቃዩም ሰው በሰውነቱ ያለው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳው አስቀድሞ የማሽኑን ብረት ይንካ። በራሙ ላይ በተለጠፈው ወረቀት «ፒሲ2-6400» የሚል ቢገኝ ዲዲአር2 ባለ 800 ማለት ነው፤ «ፒሲ3-10600» ዲዲአር3 ባለ 1333፣ «ፒሲ3-12800» ዲዲአር3 ባለ 1600 ነው። ፍጥነታቸው የተለያየ 2 ራሞች በአንድነት ቢገቡ፣ ሁለቱም በዝግተኛው ፍጥነት ይሠራሉ።

ሦስተኛ፣ ስንት መሰኪያ እንዳለና ስንቱ ባዶ እንደ ሆነ ማየት ነው። ሁሉም የተያዙ ከሆነ፣ መጨመር ሳይሆን መተካት ይሆናል።

አራተኛ፣ ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ወይስ ባለ 64 ቢት እንደ ሆነ መመልከት ነው። ለቢሮ የሚያገለግለው ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም፤ በተግባር የሚሠራበትም ከዚያ ያነሰ ነው። በእንዲህ ያለው ላይ 8 ጊጋ የሚያስገባ ሰው ግማሹን ገንዘብ በከንቱ ጣለ ማለት ነው።

አምስተኛ፣ ላፕቶፕ ከሆነ «ፒሲ3» እና «ፒሲ3ኤል» የሚሉትን መለየት ነው። ሁለተኛው በ1.35 ቮልት የሚሠራ ነው። 4ኛው ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር ያለባቸው ላፕቶፖች የሚፈልጉት ይህንን ነው፤ በ1.5 ቮልት ብቻ የሚሠራውን አይቀበሉም።

ስድስተኛ፣ በውነት የጎደለው ራም መሆኑን ማረጋገጥ ነው። አንዳንድ ጊዜ የራሙ ፒን አቧራ ይዞት ማሽኑ ይቸገራል፤ በላጲስ ቀስ ብሎ ማጽዳት ብቻ ይበቃዋል። ራሙ በቂ ሆኖ ሐርድ ዲስኩ የዘገየ እንደ ሆነም፣ ዲስኩን በኤስኤስዲ መለወጥ የበለጠ ይጠቅማል። ደግሞም የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ. ም. መቋረጡን፣ ዊንዶውስ 11ም ብዙዎቹን አሮጌ ማሽኖች በፕሮሰሰራቸው ምክንያት እንደማይቀበል ማወቅ ይገባል። ራም መጨመር ይህን አይለውጠውም።

ለአስመጪዎች

የዓለምን የራም ምርት አብዛኛውን ክፍል የያዙት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን የሚባሉት 3 ኩባንያዎች ናቸው። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት ታላላቅ የመረጃ ማእከሎች ብዙ ራም ስለሚወስዱ፣ እ. ኤ. አ. በ2025 ማገባደጃ የዓለም ዋጋ በብርቱ ከፍ ብሏል። ማይክሮንም «ክሩሻል» በሚል ስም ለተራው ተጠቃሚ ሲሸጥ የነበረውን ንግዱን እንደሚተው በኅዳር 2018 ዓ. ም. አስታውቋል። እንዲህ ባለው ጊዜ የማይሸጥ ራም አምጥቶ በመደርደሪያ ማሳደር፣ በጭንቅ የተገኘን የውጭ ምንዛሪ መቅበር ነው።

ስለሆነም አስመጪው ከማዘዙ በፊት በጅማና በዙሪያዋ ከሚሸጡት ባለሱቆች የትኞቹ ማሽኖች በብዛት እንደሚገኙ ጠይቆ ዝርዝር ቢያዘጋጅ ይጠቅመዋል። ለኤኤምዲ ብቻ የሚሆነውን ለይቶ ያስጽፍ። ከሰርቨር የወጡና «ሬጂስተርድ» የሚባሉ ራሞችም በርካሽ ሲቀርቡለት ይጠንቀቅ፤ ዲዲአር3 የሆኑት በተራው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር መሰኪያ ይገጥማሉ፤ ነገር ግን ማሽኑን አያስነሡትም። ርካሽነታቸው ከዚህ የመጣ መሆኑን ሻጩ ሁልጊዜ አይናገርም።

ለባለሱቆች

ባለሱቁ ሊያደርገው የሚገባው ከባድ አይደለም። ራሞቹን በጊጋ ብቻ ሳይሆን በዓይነታቸው ለይቶ ያስቀምጥ። ያገለገለውን ካልተነካው አይቀላቅል። በሱቁ ውስጥ ለመፈተኛ የሚሆኑ ማሽኖችን ያኑር፤ ሜምቴስት86 በሚባለው ያለ ዋጋ በሚገኝ ፕሮግራም ደንበኛው እያየ ይፈትንለት። በደረሰኙ ላይ ዓይነቱን፣ ልኩንና ፍጥነቱን ይጻፍ፤ ሳይገጥም ቢቀርም በስንት ቀን ውስጥ እንደሚለውጥ አስቀድሞ ይንገር። ከሰርቦ የመጣ ደንበኛ ለመለወጥ ሌላ ቀን ማጥፋቱንና ሌላ መሳፈሪያ መክፈሉን አይዘንጋ።

የተበላሹ ኮምፒዩተሮችንም ለቆሻሻ ከመስጠት በፊት መመርመር ይገባል። ዲዲአር2ን የመሰሉ አሮጌ ዓይነቶች አዲስ ሆነው እንደ ልብ ስለማይገኙ፣ ከሞተው ማሽን የወጣ ደኅና ራም ለሕያው ማሽን መድኃኒት ይሆናል። በየመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት አቧራ ለብሰው የተቀመጡትን ማሽኖች በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ፣ ራማቸውን ፈትኖና ለይቶ የሚያቀርብ ሰው፣ የውጭ ምንዛሪ ሳይጠይቅ ንግድ ከፈተ ማለት ነው።

በመጨረሻ የምናሳስበው ይህን ነው። የቡና ንግዳችን በዓለም ገበያ የተከበረው ነጋዴው ዓይነትንና ደረጃን ለይቶ መናገርን ስለ ተማረ ነው። ይህንኑ ልማድ ወደ ኮምፒዩተር ሱቅ ብንወስደው፣ ገዢው ከመንገድ ድካም፣ ሻጩ ከክርክር፣ አስመጪውም ከማይሸጥ ዕቃ ይድናሉ። እንግዲህ የመልቀሚያው ወራት ሳይደርስ፣ ማሽኑም ገና ሳይቆም፣ እያንዳንዱ ነጋዴ የኮምፒዩተሩን ስም፣ የራሙን ዓይነትና የመጨረሻ ልኩን በአንዲት ወረቀት ጽፎ ከማሽኑ ጎን ቢለጥፍ መልካም ነው።