ዓይኑን በባሕር ላይ ያጣው የቴያትር ተጫዋች

ሰው ከአካሉ አንዱን ባጣ ጊዜ ዘመድ ወዳጁ «አንተ ተቀመጥ፤ እኛ እንጦርሃለን» ይለዋል። ቃሉ ከፍቅር የወጣ ነው፤ ዳሩ ግን ሥራውን ለሚወድ ሰው ሁለተኛ ቍስል ይሆንበታል። የእንግሊዛዊው የኤስመንድ ናይት ታሪክ ይህን ነገር በደንብ ያስረዳልና ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርበዋለን።

ኤስመንድ ናይት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1906 ዓ. ም. በእንግሊዝ አገር ተወለደ። በ1925 ዓ. ም. ቴያትር መጫወት ጀመረ፤ በ1934 ዓ. ም. ደግሞ አልፍሬድ ሂችኮክ ባዘጋጀው የሲኒማ ፊልም ዮሐን ስትራውስ የተባለውን ታላቅ የሙዚቃ ደራሲ ሆኖ ተጫወተ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግን ይህን ሁሉ ትቶ ወደ ባሕር ኃይል ገባ፤ «ፕሪንስ ኦፍ ዌልስ» በተባለችው የጦር መርከብም መኰንን ሆነ። በ1941 ዓ. ም. በሜይ 24 ቀን ማለዳ መርከቢቱ «ሁድ» ከተባለችው ጓደኛዋ ጋራ የጀርመንን «ቢስማርክ» ገጠመች። ሁድ ከ1,400 በላይ ሰዎች እንደ ያዘች ሰጠመች፤ ከነዚያም ሁሉ የዳኑት ሦስት ብቻ ነበሩ። ፕሪንስ ኦፍ ዌልስም በመድፍ ተመታች፤ ኤስመንድ ናይት ፊቱን ቈስሎ ሁለቱም ዓይኖቹ ጨለሙ። አንደኛው ዓይኑ ፈጽሞ ጠፋ።

የቴያትር ተጫዋች የጓደኛውን ፊትና የሚረግጠውን ሥፍራ ማየት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ሥራው በዚህ ያበቃል ቢባል የሚያስገርም አልነበረም። እርሱ ግን ገና በጨለማ ሳለ «ሲልቨር ፍሊት» በተባለው የ1943 ዓ. ም. ፊልም የጠላት ሹም ሆኖ ተጫወተ። በዚያው ዓመት በሐኪም ርዳታ ሁለተኛው ዓይኑ በመጠኑ ብርሃን አገኘ። በ1944 ዓ. ም. ሎረንስ ኦሊቪየ ባዘጋጀው «ሄንሪ አምስተኛ» ፍሉዌለን የተባለውን ወታደር ሆኖ ታየ፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ዘመን በቴያትርና በሲኒማ ሠራ።

ሥራው ከቤቱም አልተለየም። በ1951 ዓ. ም. በወጣው፥ በሕንድ አገር በተነሣው «ዘ ሪቨር» በተባለው ፊልም ከሚስቱ ከኖራ ስዊንበርን ጋራ ባልና ሚስት ሆነው ተጫወቱ። ልጁ ሮዛሊንድ ናይትም የአባቷን ሥራ ወርሳ የታወቀች ተጫዋች ሆነች።

በ1960 ዓ. ም. ስለ ቢስማርክ መስጠም ፊልም በተዘጋጀ ጊዜ፥ የፕሪንስ ኦፍ ዌልስን አዛዥ ሆኖ የተጫወተው ይኸው ኤስመንድ ናይት ነበረ። እውነተኛው አዛዥ ጆን ሊች በ1941 ዓ. ም. በዲሴምበር ወር መርከቢቱ ስትሰጥም አብሮ ሞቶ ነበር። እንግዲህ ያ ሰው ዓይኑን ባጣባት መርከብ አምሳል ላይ ቆሞ፥ የሞተውን አለቃውን ሆኖ ትእዛዝ ሰጠ። እስከ ዕለተ ሞቱም ከሙያው ሳይለይ በ1987 ዓ. ም. በ80 ዓመቱ ዐረፈ።

በቤታችን አካሉ የጐደለ ሰው ቢኖር ምን እንደ ጐደለው ከመቍጠር አስቀድመን ምን ሊሠራ እንደሚወድ እንጠይቀው።