«ጊዜ ተርፎኝ ጊዜ አጣሁ»

ነሐሴ ወር ላይ ነው። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ካለ አንድ ጭማቂ ቤት በረንዳ ላይ ከአንድ ወጣት ጋር ተቀምጠናል። ጀርመን አገር ለማስተርስ ሄዶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ለእረፍት የመጣ ልጅ ነው። የሰፈሩ ልጆች ሲያልፉ «ጀርመኑ!» እያሉ ይጠሩታል። እሱም ፈገግ ይላል። እነሱ ዞር ሲሉ ግን ጠጋ አለኝና «ለእማዬ ያልነገርኳት ነገር አለ» አለኝ።

ለካ ልጁ በመጀመሪያው ሴሚስተር ከወሰዳቸው ስድስት ኮርሶች አራቱን ወድቋል! መጠጥ አይወድም። ጭፈራ ቤት አልረገጠም። የፍቅር ጣጣም አልነበረበትም። ታዲያ ምን ነካው? ቢባል መልሱ አንድ ነው፤ ነፃ ጊዜ።

«የሳምንቱን ፕሮግራም ሳይ በደስታ ልሞት ነበር» ይላል። «ማክሰኞ ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ ረቡዕ ሁለት፣ ሐሙስ ሁለት። በቃ! ከአርብ እስከ ሰኞ ምንም የለም። አቴንዳንስ የሚይዝ የለ፣ ለምን ቀረህ የሚል የለ። ገነት የገባሁ መሰለኝ።»

ቀኑን ማን ነበር የሚያዘው?

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። ይህ ልጅ አገሩ እያለ ጠዋት እናቱ ትቀሰቅሰዋለች። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ የካፌው ሰዓት አለ፤ ቁርስ ካለፈህ አለፈህ ነው። የዶርም ልጆች «ተነስ እንጂ አንተ!» ይላሉ። ከሰዓት በኋላ የአዳማ ሙቀት ራሱ ጥላ ውስጥ ያስገባሃል፤ ፀሐዩ በረድ ሲል ቡና ይፈላል፤ አመሻሽ ላይ ጓደኛ ሳይደውል በር ያንኳኳል። የመቂም፣ የባቱም፣ የሻሸመኔም ልጅ ኑሮው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰዓት የምናከብር የሚመስለን ብዙዎቻችን፣ እውነቱ ሲታይ ሌላ ሰው ነው ሰዓቱን ይዞልን የኖረው።

ፀሐይዋም ታግዘን ነበር። በእኛ አገር ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊሆኑ ጥቂት ነው የሚቀራቸው። ሰዓታችንን የምንቆጥረውም ከንጋት ጀምረን ነው። በርሊን ግን በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲሆን የምትጠልቀው 10 ሰዓት ሳይሞላ ነው።

«ስነሳ 6 ሰዓት ሆኗል» ይላል ልጁ። «ስልኬን ይዤ ትንሽ ስቆይ ይጨልማል። ቀኑ አለቀ፣ ነገ እጀምራለሁ እላለሁ። ነገም ያው ነው። እሁድ እማዬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትደውላለች። እዚህ 5 ሰዓት ሲሆን እዚያ በብርዱ ወራት 3 ሰዓት ነው። ድምፄን አጥርቼ ‹ላይብረሪ ነኝ› እላታለሁ። ከብርድ ልብሱ ሳልወጣ!»

«ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይላሉ አባቶች። የእኛ ልጅ ግን ሥራ ፈት አልነበረም። ሥራው አልታየውም እንጂ።

ያልታየው ሒሳብ

በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ክሬዲት ማለት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚደርስ ሥራ ማለት ነው። ጀርመን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 30 ሰዓት ይያዛል። እንግዲህ አስሉት። ባለ 5 ክሬዲት ኮርስ 150 ሰዓት ይፈልጋል። በሳምንት 2 ሰዓት፣ ለ14 ሳምንት ክፍል ገባችሁ እንበል፤ 28 ሰዓት ብቻ ነው። የቀረው 122 ሰዓት የት ሄደ? ያ «ባዶ» የመሰለው አርብና ሰኞ ላይ ነው ያለው። በስድስት ኮርስ ስታባዙት ከ700 ሰዓት ያልፋል። ነፃ ጊዜ ሳይሆን አለቃ የሌለው ሥራ ነው።

ሌላም አለ። በብዙ ኮርሶች ውጤቱ የሚወሰነው በሴሚስተሩ መጨረሻ በሚሰጥ አንድ ፈተና ነው። እዚህ የለመድነው ሚድ፣ ኩዊዝ፣ «ተጠንቀቅ» የሚል ነገር የለም። መውደቅህን የምታውቀው ከወደቅህ በኋላ ነው። ፈተና የሚደገመውም ለተቆጠረ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ትምህርቱ ካልተራመደ የተማሪነት የመኖሪያ ፈቃድ ማሳደሱም ያስቸግራል። ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ምን አዳነው?

ከባቱ የሄደች አንዲት ልጅ በዚያው ከተማ ትማራለች። ችግሩን ለእሷ ነገራት። ምክር አልሰጠችውም። «ነገ 3 ሰዓት ላይብረሪው በር ላይ እጠብቅሃለሁ» ነው ያለችው። «እሷ በዚያ ብርድ ቆማ እየጠበቀችኝ እንዴት ልተኛ?» ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከወደቃቸው አራት ኮርሶች ሦስቱን ደግሞ አልፏል። አንዱ ቀርቶታል።

ከእሱ ልምድ የተረፈውን ለእናንተም እናካፍል።

1. የምትነሱበትን ሰዓት ለክፍለ ጊዜ አትተዉት። ትምህርት በሌለበትም ቀን ያው ሰዓት ይሁን።

2. የየኮርሱን ክሬዲት በሰዓት መንዝሩና የጥናቱን ሰዓት ቀን ስጡት። «ሰኞ ከ3 እስከ 6» ብሎ መጻፍ «በሳምንቱ ውስጥ አነባለሁ» ከማለት ይሻላል።

3. የሚጠብቃችሁ ሰው ይኑር። ብቻችሁን ለራሳችሁ የገባችሁትን ቃል ማፍረስ ቀላል ነው፤ ሰው በር ላይ ማቆም ግን ያሳፍራል።

4. ብርሃን ባለበት ሰዓት ከቤት ውጡ፤ እንቅልፍ የሚስተካከለውም በዚሁ ነው። ቡናችሁንም አፍሉ፣ ግን ሰዓት ቆርጣችሁ።

5. ቤተሰብን አትዋሹ። ውሸቱ ራሱ ሌላ ሥራ ይሆንባችኋል።

አምስተኛዋን ራሱም ገና አልፈጸማትም ነበር። «ዛሬ ቡና ላይ እነግራታለሁ» ብሎኝ ተለያየን። በማግስቱ ደወልኩለት።

«ነገርካት?»

«ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ‹ታዲያ አሁን ማነው የሚቀሰቅስህ?› አለችኝ።»

ዘንድሮ ሻንጣ የምታዘጋጁ ልጆች፣ የእናትየዋን ጥያቄ እናንተም ሳትሄዱ መልሱት። ሳምንት ያገናኘን!